የሚለካው መስመርና የሚታየው መስመር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 የንግግራችን ርእስ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ መስመርንና የቅርጽን ዙሪያ ስለ መሣል ነው። ይህን ርእስ የሰማ ሰው «ለወገዳ ልጅ ይህ ምን ይጠቅመዋል? መስመርማ በማስመሪያ ይሠመር የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን ከመጀመሪያው እንናገራለን።

መስመር ሁለት ነው። አንደኛው የሚለካው መስመር ነው፤ ሁለተኛው የሚታየው መስመር ነው። የሚለካው መስመር ርዝመት እንጂ ውፍረት የለውም፤ በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ የምንማረው እርሱን ነው። የሚታየው መስመር ግን በቀለም ወይም በብርሃን የተሠራ ስለ ሆነ ውፍረት አለው፤ ጫፍ አለው፤ ቦታም ይይዛል። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው በኮምፒዩተር የሚሥለው ሁሉ ይቃናለታል። ሳይለይ የጀመረ ግን፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ የሠራውን መልሶ ሲያፈርስ ይውላል።

ይህ ልዩነት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አገራችን ከጥንት ያውቀዋል። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት መሆናቸውን የማያውቅ የለም። የእነዚህ ጉባኤ ቤቶች መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ የተጻፉት በብራና ላይ ነው። የብራና ጸሐፊ ብርዑን ከቀለም ሳያጠቅስ አስቀድሞ በገጹ ግራና ቀኝ ዳር በወስፌ እየወጋ ምልክት ያደርጋል፤ ቀጥሎም ማስመሪያ አስደግፎ ከምልክት እስከ ምልክት በወስፌው ይሠምራል። ይህ መስመር ቀለም የለውም፤ በብራናው ላይ የተጫነ ፈለግ ብቻ ነው። ከራቅ ብሎ ለሚያይ አይታይም፤ ነገር ግን ፊደሉ ሁሉ ተሰልፎ የሚቆመው በእርሱ ነው። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ወስፌው የሠመረው የሚለካው መስመር ነው፤ ብርዑ የጻፈው ደግሞ የሚታየው መስመር ነው።

ወላጆቻችንም ይህን ነገር በመሬት ጉዳይ ያውቁታል። በሁለት ማሳ መካከል ያለው ወሰን ራሱ ውፍረት የለውም፤ ከዚህ ወዲህ የአንዱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሌላው ነው። ወሰኑን ለማሳየት ግን ድንጋይ ይተከላል፤ ወይም አጥር ይታጠራል፤ ወይም ሳይታረስ የሚቀር ድንበር ይተዋል። ይህ ሁሉ ቦታ ይይዛል። ታዲያ አጥሩ ከወሰኑ በየትኛው ወገን ይቁም? እኩሌታው ወዲህ፣ እኩሌታው ወዲያ ይሁን? ብዙ ጊዜ በጎረቤታሞች መካከል ክርክር የሚያነሣው ይኸው ነው።

በክልላችን በሁለተኛው ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ለባለ ይዞታው ከሚሰጠው ማስረጃ ጋር የማሳው ካርታ አለ። አንድ ካርታ በ1፡2000 መጠን ተሠራ እንበል። በዚህ ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር በመሬቱ ላይ 1 ሜትር ስፋት ይሸፍናል። ሁለት ሰዎች ካርታውን ዘርግተው አንዱ «ወሰኑ የመስመሩ ግራ ጠርዝ ነው» ቢል፣ ሌላው ደግሞ «የለም፤ ቀኝ ጠርዙ ነው» ቢል፣ የአንድ ሜትር እርሻ በቀለም ምክንያት አጨቃጨቃቸው ማለት ነው። ዳሩ ግን መለካት ያለበት የቀለሙ ውፍረት አይደለም፤ በየማዕዘኑ በቁጥር የተመዘገበው ነጥብ ነው። የዛሬን ካርታ የሚሥለው ኮምፒዩተር ነውና ኮምፒዩተር መስመርን እንዴት እንደሚሥል ማወቅ ለገበሬ ልጅ ሩቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንሂድ። የኮምፒዩተር መስኮት እንደ ባለ ካሬ ደብተር በጥቃቅን ካሬዎች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፤ ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ቀለም ይይዛል። የካሬዎቹ ቁጥር የሚጀምረው ከላይ ከግራው ማዕዘን ነው። አግድሙ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ የቁልቁሉ ቁጥር ደግሞ ወደ ታች ያድጋል። በሂሳብ ክፍል ግራፍ ስንሥል የቁልቁሉ ቁጥር ወደ ላይ ስለሚያድግ፣ ልዩነቱን ያልተገነዘበ ጀማሪ ጣራው ወደ ታች የዞረ ጎጆ ይሥላል።

በመስኮት ላይ የመሣል ታሪክ ረጅም አይደለም፤ ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ሥራ፣ ሰው በብርሃን ብዕር በመስኮት ላይ እየነካ መስመርና ክብ የሚሥልበትን ፕሮግራም አሳየ። ስሙም ስኬችፓድ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1962፣ ጃክ ብሬሰንሃም የተባለ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ፈታ፤ ሥራውም በ1965 ታትሞ ወጣ። ጥያቄው «ዘንበል ያለ መስመር በካሬዎች ላይ ሲሣል የትኞቹ ካሬዎች ይቅለሙ?» የሚል ነው። የእርሱ ዘዴ ማካፈልንም ክፍልፋይንም ሳይፈልግ በሙሉ ቁጥር መደመርና መቀነስ ብቻ መልስ ይሰጣል።

ዘዴውን ማንም ተማሪ በደብተሩ ሊሞክረው ይችላል። መስመራችን 7 ካሬ ወደ ቀኝ፣ 3 ካሬ ወደ ታች ይሂድ። መነሻውን ካሬ አቅልሙ፤ አንድ ቆጣሪም ያዙና በ0 ጀምሩ። ወደ ቀኝ አንድ ካሬ በሄዳችሁ ቁጥር በቆጣሪው ላይ 3 ደምሩ። ቆጣሪው ከ3 ከበለጠ አንድ ካሬ ወደ ታች ውረዱና ከቆጣሪው 7 ቀንሱ፤ ካልበለጠ ግን በነበራችሁበት ረድፍ ቆዩ። በመጀመሪያው እርምጃ ቆጣሪው 3 ነው፤ ስለዚህ አንወርድም። በሁለተኛው 6 ይሆናል፤ እንወርዳለን፤ 7 ሲቀነስም ከዜሮ በታች 1 ይቀራል። በሦስተኛው 2 ነው፤ አንወርድም። በአራተኛው 5 ነው፤ እንወርዳለን። እንዲህ እያላችሁ ስትጨርሱ 8 ካሬዎች ትቀልማላችሁ፤ በየረድፉ ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ቆጣሪውም ወደ 0 ይመለሳል። የቀለሙት ካሬዎች በቅርብ ሲያዩአቸው ደረጃ ይመስላሉ፤ ደብተሩን አርቀው ሲያዩት ግን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ። የሚለካው መስመር በካሬዎቹ መካከል አልፏል፤ የሚታየው ደግሞ ለእርሱ የቀረቡት ካሬዎች ናቸው።

ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ በእጁ አይቆጥርም። አናጢ ወደ ሥራው ሲሄድ መጋዙንና መላጊያውን በሣጥን ይዞ እንደሚሄድ፣ ፕሮግራም ጸሐፊም መስኮት፣ ቁልፍ፣ መስመርና ቅርጽ የሚሠራለት የተዘጋጀ የመሣሪያ ሣጥን አለው። ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ ቲኬ ይባላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጆን ኦስተርሃውት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የጀመረው ነው። ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ቲኪንተር በሚል ስም ይሠራል፤ ሁለቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። በዚህ ሣጥን ውስጥ የሚሣልበት ገበታ ስሙ በእንግሊዝኛ ካንቫስ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሸራ ማለት ነው።

በሸራው ላይ ለመሣል የምንሰጠው ትእዛዝ ሁልጊዜ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል የሚለካውን መስመር ይናገራል፤ ይኸውም ከየት ነጥብ እስከ የት ነጥብ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚታየውን መስመር ይናገራል፤ ይኸውም ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ ጫፉንና ማዕዘኑን ነው። ቅርጽ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የዙሪያው ቀለምና የውስጡ ቀለም ለየብቻ ይታዘዛሉ። ዙሪያ ኖሮት ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርጽ አለ፤ ውስጡ ተቀብቶ ዙሪያ የሌለውም አለ። በቲኬ አራት ማዕዘን ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ሲሣል ዙሪያው ጥቁር፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ብዙ ማዕዘን ያለው ቅርጽ ግን በተቃራኒው ውስጡ ጥቁር ሆኖ ያለ ዙሪያ ይወጣል። ይህን ያላወቀ የማሳ ካርታ ሊሥል ተነሥቶ ጥቁር ንጣፍ ያገኛል።

ስለ ውፍረት በተለይ ልንናገር እንወዳለን፤ የአጥሩ ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነውና። አግድሙ 100፣ ቁመቱ 60 የሆነ አራት ማዕዘን እንሣል፤ የዙሪያውንም ውፍረት 10 እናድርገው። ኮምፒዩተሩ ውፍረቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ 5ቱ ከሚለካው መስመር ወደ ውጭ፣ 5ቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ሲለካ 110 በ70 ነው፤ በውስጡ የሚቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ 90 በ50 ነው። በቅርጹ ውስጥ ጽሕፈት ሊያስገባ የሚፈልግ ሰው 100 በ60 አለኝ ብሎ ቢተማመን ጽሕፈቱ ከአጥሩ ላይ ይወጣል። ሁለት አራት ማዕዘኖችንም ጎን ለጎን ቢያጋጥማቸው አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራል። በአንዳንድ የመሣሪያ ሣጥኖች ደግሞ የ1 ፒክስል መስመር ልክ በሁለት ካሬዎች ወሰን ላይ ሲያርፍ እኩሌታው ወዲህ፣ እኩሌታው ወዲያ ይሆንና ጥርት ያለ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ሁለት ካሬ የሰፋ ግራጫ ይሆናል። መድኃኒቱ መስመሩን በግማሽ ፒክስል ፈቀቅ ማድረግ ነው።

ጫፍም ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በልኩ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ሁለተኛው የውፍረቱን እኩሌታ ያህል ከልኩ አልፎ የሚቆረጥ ነው፤ ሦስተኛው ጫፉ ክብ የሆነ ነው። ርዝመቱ 100፣ ውፍረቱ 8 የሆነ መስመር በመጀመሪያው ዓይነት 100 ሆኖ ይታያል፤ በሁለቱ ግን 108 ይሆናል። እንደዚሁም ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ማዕዘን ወይ ሹል፣ ወይ ክብ፣ ወይ የተከረከመ ይሆናል። ሹሉ ያምራል፤ ነገር ግን ማዕዘኑ እየጠበበ ሲሄድ ሾሉ ይረዝማል። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን ከውስጠኛው ማዕዘን እስከ ሾሉ ጫፍ ያለው ርቀት የመስመሩን ውፍረት 2 እጥፍ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሆን ግን 6 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ጠባብ ማዕዘን ያለው ማሳ በወፍራም ሹል መስመር ቢሣል የማሳው ጥግ በጎረቤት መሬት ውስጥ እንደ ጦር ገብቶ ይታያል። እንዲህ ያለውን በክብ ወይም በተከረከመ ማዕዘን መሣል ይሻላል። ለእግር መንገድ ወይም ገና ለታሰበ ሥራ ደግሞ የተቆራረጠ መስመር አለ፤ 6 ፒክስል ሣል፣ 4 ፒክስል ዝለል ተብሎ በቁጥር ይታዘዛል።

ለመለማመጃ የመረጥነው ሥዕል የጋይንት ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ነው። ቶማስ ፓከናም የተባለ መንገደኛ በ1955 ስፍራውን ጎብኝቶ፣ ከውጭ ሲታይ ክብ የሣር ክዳን ቤት የሚመስለው በውስጡ አራት ማዕዘን የሆነ የጥንት ቤተ ክርስቲያን መያዙን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። እንግዲህ ንድፉ በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ቲኬ ለክብ የተለየ ትእዛዝ የለውም፤ ክቡ የሚገባበትን ሣጥን ማዕዘኖች እንነግረዋለን፤ የሣጥኑ ጎኖች እኩል ከሆኑ ክብ ይወጣል፤ እኩል ካልሆኑ እንቁላል ይሆናል። ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት፤ በኋላ የተሣለው በፊት የተሣለውን ይሸፍናልና። ክቡ ውስጡ ተቀብቶ ኋላ ከተሣለ አራት ማዕዘኑን ይጋርደዋል፤ ልክ የሣር ክዳኑ የጥንቱን ቤት ከመንገደኛ ዓይን እንደ ጋረደው ማለት ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ከሁሉ ይልቅ በልባችሁ እንድትይዙልን የምንፈልገው ስለ ፊደላችን የምንናገረውን ነው። በኮምፒዩተር የምናነበው የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደሎች መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊደላችን በዓለም ሁሉ አንድ የታወቀ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ግን መልክ አይደለም። መልኩን የሚሰጠው የፊደሉን ዙሪያ የሣለ ሰው ነው። «ዐ» አንድ የውጭ ዙሪያና አንድ የውስጥ ዙሪያ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ሲቀባ ፊደሉ ይታያል። «ቀ» ደግሞ ክቡን እግሩ ለሁለት ስለሚከፍለው አንድ የውጭና ሁለት የውስጥ ዙሪያ አለው። የጎበጡት መስመሮች በጥቂት ነጥቦች ይታዘዛሉ፤ ይህም ዘዴ የታወቀው በ1960ዎቹ የመኪና አካል ይነድፍ በነበረው በፈረንሳዊው የሬኖ መሐንዲስ በፒየር ቤዝየ ስም ነው።

አሁን «ቁ»ንና «ቂ»ን አስቡ። የሁለቱ ልዩነት አንዲት አጭር መስመር ናት፤ በ«ቁ» ከእግሩ መካከል ትወጣለች፤ በ«ቂ» ከእግሩ ግርጌ ትወጣለች። ፊደሉ በትልቁ ሲጻፍ ማንም አይሳሳትም። በትንሽ የስልክ መስኮት ላይ 10 ፒክስል ቁመት ብቻ ሲኖረው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ካሬ ነው። መስመሯ በወፍራሙ ከተሣለች ወይም ወደማይገባት ካሬ ከወረደች «ቁም» የነበረው ቃል «ቂም» ሆኖ ይነበባል። አንዱ ተነሥቶ መቆም ነው፤ ሌላው በልብ የሚያዝ ክፉ ነገር ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ የፊደል ነዳፊ ዙሪያውን ሥሎ ብቻ አይተውም፤ ፊደሉ ሲያንስ የትኛው መስመር በየትኛው ካሬ እንዲያርፍ የሚያዝዝ መመሪያም ይጨምርበታል። ይህን ትእዛዝ በሚገባ ሊጽፍ የሚችለው ማን ነው? ካዕብንና ሣልስን በጨረፍታ የሚለይ፣ በፊደሉ አንብቦ ያደገ ሰው ነው። ሥራውን እኛ ካልተማርነው ፊደላችንን የማያነቡ ሰዎች በግምት ይሥሉልናል፤ እኛም በግምት እናነባለን።

ለዚህ ትምህርት ኮምፒዩተር እስኪበዛ፣ መብራትም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ዋናው ትምህርት በባለ ካሬ ደብተርና በእርሳስ ይጀመራል። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች፤ ሦስት ነገር እንድትሞክሩ እንለምናችኋለን። መጀመሪያ የ7 በ3ን መስመር በቆጣሪው ዘዴ ሥሉ። ሁለተኛ «ቁ»ንና «ቂ»ን በ10 ካሬ ቁመት ሥላችሁ ክንድ ያህል አርቃችሁ ተያዩአቸው። ሦስተኛ የቤታችሁን ግቢ አጥር በእርምጃ ለክታችሁ ማዕዘኖቹን በነጥብ አስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መስመሩን አወፍሩ። ይህን በእጁ የሠራ ተማሪ ኮምፒዩተር ፊት በተቀመጠ ጊዜ የሚያዝዘውን ያውቃል።

መምህሮቻችንን ደግሞ የጂኦሜትሪ፣ የሥዕልና የኮምፒዩተር ትምህርት በዚህ ነጥብ ስለሚገናኙ አንዳንድ ጊዜ አብረው እንዲያስተምሩን በትሕትና እንጠይቃለን። ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ በደብተሩ ላይ ካሬ ሲያጠቁር ብታዩ ሥራ ፈትቷል አትበሉት። ምናልባት ነገ የማሳችሁን ካርታ የሚሥለው፣ የምታነቡትንም ፊደል የሚያስተካክለው እርሱ ወይም እርስዋ ይሆናሉ።

በመጨረሻም ትምህርት ቤታችን ብዙ የምሥረታ በዓላትን በሰላም እንዲያከብር፣ ከሥሩም መለካትን ከማሳየት የሚያስቀድሙ አያሌ ልጆች እንዲወጡ ምኞታችንን እየገለጽን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።